ካሶኒውን ስፈታ

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ጠዋት ልብስ አጠብሁ። የስድስተኛ ቢን የሒሳብ ፈተና አርሜ ጨረስሁ። ክፍልፋይ አሁንም አልገባቸውም... ሰኞ እንደገና ከመጀመሪያው።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሰውዬ ከደብረ ኤልያስ መጣ። ጓሮ የቆመውን ፒክአፕ ሊያይ። ዞሮ ዞሮ አየው። ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ። “ሞተሩንና ጋቢናውን እወስዳለሁ። የኋላው ጭነት መጫኛ ካሶኒ ግን ተጨማዷል፣ ለምንም አይሆነኝ። እሱን አስፈቺና ደውይልኝ” ብሎ ሄደ።

ጋራዥ ሄድሁ። መካኒኩ የማን መኪና እንደሆነ ሲሰማ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ።

“የአበረ? ያ... ሰው የሞተበት?”

አዎ፣ ሰው የሞተበት። ባሌ የሞተበት።

“እሱን እንኳ ተይኝ፣ እህቴ።”

ሁለተኛው ጋራዥም እንዲሁ። ሦስተኛው ደግሞ መጀመሪያ ጠበል አስረጪበት አለኝ። ብረት እኮ ነው! ብረት ምን አጠፋ? ያጠፋው የነዳው ሰውዬ ነው ልለው ነበር። ዋጥሁት። ቤቴ ገባሁ።

የካቲት 9፣ እሑድ

ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆነው። ኅዳር ላይ ነበር። አበረ ከሮብ ገበያ ድንች ጭኖ፣ ጆንያው ላይ ሦስት ሰው አሳፍሮ ሲመጣ ቁልቁለቱ ላይ ከመንገድ ወጣ። እሱ እዚያው ሞተ። ከተሳፈሩት አንዷ የሮብ ገበያ ልጅ፣ ሃኒ፣ ሆስፒታል ሳትደርስ ሞተች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሁለቱ ተርፈዋል።

ቀብሩ ላይ ይታያል የሚባለው ታላቅ ወንድሙ ደረቱን እየደቃ ያለው እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። “ፍጥነት ተው እያልሁት! ተው እያልሁት አልሰማ ብሎኝ!” ለቀስተኛው ሁሉ ሰማ። ከዚያ ወሬው በራሱ እግር ሄደ። በሳምንቱ “ጠጥቶ ነበር አሉ” ሆነ። በዓርባው “ሁልጊዜም ይጠጣ ነበር።”

እኔስ? እኔም አመንሁ። ወንድሙ ካለ... ሙት ዓመቱን እንኳ በወጉ አላወጣሁለትም። ለቄሶቹ ሰጥቼ ቤቴን ዘጋሁ። በአንድ ሰው ችኩል እግር ሁለት ሰው ሞተ እያልሁ ስብሰለሰል ከረምሁ። የሃኒን እናት አንዴ እዚህ ማርቆስ ገበያ ውስጥ አየኋት። ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል። ዓይናችን ተገጣጠመ፣ ፊቷን አዞረች። ምን ታድርግ? እኔም ብሆን አዞር ነበር።

በቃ፣ ራሴ እፈታዋለሁ። ዓይኔ ሥር ቆሞ ሌላ ክረምት አይከርምም።

ጋሽ አብዱልቃኒ ሱቅ ሄድሁ። መለዋወጫ ሻጩ ጎረቤታችን ናቸው። መፍቻ አውሱኝ አልኋቸው።

“ማን ሊፈታው ነው?”

“እኔ።”

መነጽራቸውን አወለቁ። “ብሎኑ ዝጓል። ናፍጣ አጠጪውና አሳድሪው። በጉልበት እንዳትሄጂበት።”

“በጉልበት ነው የምሄድበት።”

ሳቁብኝ። መፍቻዎቹን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

አንድ ብሎን። ከትምህርት ቤት መልስ እስኪመሽ አንድ ብሎን ብቻ! አውራ ጣቴ ተልጧል።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ሁለተኛው ተቆረጠ፣ ሦስተኛው ወጣ። መፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክቼ ነው የምዞረው። ሙሉ ክብደቴን ስጥልበት ቋ ይላል... ያ ድምፅ ደስ ይለኛል። ሰው መምታት አይቻልም፣ ብረት ይቻላል።

ጎረቤቶቼ በአጥሩ ቀዳዳ ያዩኛል። አንዷ “መምህርት፣ ምን ነካሽ?” አለች። ምንም አልነካኝ። የሚነካልኝ ጠፍቶ ነው ራሴ የምፈታው!

የጎኑን ስፖንዳዎች ነቀልሁ። ወለሉ ላይ አሁንም የድንች አፈር አለ፣ ደርቆ እንደ ሲሚንቶ ሆኗል። በመዶሻ ስፈረክሰው ዓይኔ ውስጥ ገባ። ተቀምጬ አለቀስሁ፣ ከአፈሩ ይሁን ከምኑ እንጃ። አበረን ሰደብሁት። ጮክ ብዬ። አንተ የማትረባ፣ ለማን ብለህ ነው የቸኮልኸው? ማን ጠበቀህ? እኔ እንደሆንሁ አንድም ቀን ቶሎ ና ብዬህ አላውቅ...

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

የመጨረሻው ብሎን ጠዋት ወጣ። የመብራቱን ሽቦ ቆረጥሁ፣ የነዳጅ መሙያውን ጎማ አላቀቅሁ። ለማንሳት ብቻዬን አልችልም። ጋሽ አብዱልቃኒ ሱቃቸውን ዘግተው መጡ፣ ባለቤታቸው እትዬ ነፊሳም ቀሚሳቸውን ሰብስበው መጡ። አጣናውን ከሥሩ አስገብተን ሦስታችን ገፋነው። እትዬ ነፊሳ “ቢስሚላህ!” ሲሉ እኔ “በስመ አብ!” አልሁ፣ ተሳሳቅን። ካሶኒው ተንሸራቶ መሬት ወደቀ። ሰፈሩ ተናወጠ።

እንኳን ተገላገልሁ ልላቸው ዞር ስል ጋሽ አብዱልቃኒ አይስቁም። ጎንበስ ብለዋል። ሻንሲውን፣ ካሶኒው የተቀመጠበትን ረጅሙን ብረት፣ በጣታቸው እየዳበሱ ነው።

“ምሥራቅ፣ ይህን መኪና አበረ አስበይዶት ያውቃል?”

“አያውቅም። ብየዳ ቢኖር ለኔ ይነግረኝ ነበር።”

“ነይ እይው።”

ግራው ብረት፣ ከኋላ ጎማው ባሌስትራ በላይ፣ ለሁለት ተገምሷል። በአደጋው ነው የተሰበረው አልሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ። በቢላ ጫፍ ጭቃውን ፋቁልኝ። ስብራቱ ላይ ቁራጭ ላሜራ ተለጥፎ ተበይዷል። ከላይ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፣ እንዳይታይ። ብየዳው እንደ ስፌት ተተርትሯል።

“ይህ የተሰበረው ከአደጋው በፊት ነው። በአደጋ የተሰበረን ብረት ማን መጥቶ ይበይደዋል? ሙታ እዚህ የቆመች መኪና? አንድ ሰው በፊት ሰብሮታል፣ ለጣጥፎታል፣ ቀለም ቀብቶታል። ጭነት ሲበዛበት ቁልቁለቱ ላይ ብየዳው ለቀቀ። ካሶኒው ወርዶ ጎማው ላይ ተቀመጠ። ጎማው ከተያዘ ወዲያ መሪ ምን ይሠራል? ቀስ ብሎም ቢነዳ ያው ነበር።”

ቀስ ብሎም ቢነዳ ያው ነበር።

ከተረፉት አንዱ ሽማግሌ ያኔ “መጀመሪያ ከሥራችን ቋ የሚል ሰማሁ” ሲል ማንም አልሰማውም። እኔም አልሰማሁትም።

የካቲት 16፣ እሑድ

ቅበላ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሥጋ ይጠብሳል። እኔ ምግብ አልወረደልኝም።

አበረ... ሁለት ዓመት ሙሉ ስቆጣህ የኖርሁት በምን ነበር?

ቆይ። ጥቅምት ላይ፣ ከአደጋው አንድ ወር በፊት፣ መኪናውን ይታያል ተውሶት ነበር። ለሚሠራው ቤት ባህር ዛፍ ላመላልስ ብሎ። ለአንድ ቀን ያለው አራት ቀን ቆየ። ጎማ ፈነዳብኝ አለ። አበረም “የሱ ነገር” ብሎ ሳቀ።

ቀለም ቀብቶ የሰጠው ማን ነው? ቀብሩ ላይ ደረቱን የደቃው?

የካቲት 19፣ ሮብ

መጣ። ሳልጠራው በራሱ መጣ። መኪናውን ልሸጥ እንደሆነ ሰምቶ።

ከበሩ ገባ ሲል ካሶኒውን መሬት ላይ አየው። ቀጥ አለ።

“እህት ዓለም፣ ካሶኒውን ማን አነሳው?”

“እኔ።”

“ለምን አልጠራሽኝም?”

ሁልጊዜ ወንድም ዓለም ነበር የምለው። ዛሬ በስሙ ጠራሁት። “ይታያል፣ ሻንሲው ከአደጋው በፊት ተሰብሮ ነበር” አልሁት። ይህን ብቻ። የማንንም ስም አላነሳሁም።

“ማን ነገረሽ?” አለ።

ማን ነገረሽ! “እውነት?” አላለም። “እንዴት ሆኖ?” አላለም። ማን ነገረሽ...

ወዲያው አወቀው፣ ከአፉ እንዳመለጠው። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። እኔ ቆሜ ሰማሁት። ባህር ዛፉን ከልክ በላይ ጭኖ ሲመጣ ብረቱ ተሰበረ። መንገድ ዳር አንድ በያጅ ለጠፈለት። “ይይዛል አለኝ” ይላል።

“ለአበረ ለምን አልነገርኸውም?”

“ይቆጣኛል ብዬ... ትንሽ ቆይቼ በደንብ አሠራዋለሁ ብዬ...”

“በአንድ ወር ውስጥ አንድ ቀን አጣህ?”

መሬቱን በጣቱ ይጭራል።

“ቀብሩ ላይስ? ፍጥነት ተው ብዬው ነበር ያልኸው? ብለኸዋል?”

“ሰው ሁሉ እንዴት ሆነ እንዴት ሆነ ሲለኝ... አፌ ላይ መጣ።”

አፉ ላይ መጣ! የወንድሙ ሬሳ ፊቱ ተጋድሞ አፉ ላይ መጣ!

እጄ ላይ መፍቻ ነበር። ወረወርሁት። እሱን ስቶ የአጥሩን ቆርቆሮ መታ። ልመታው ነበር ወይ? አዎ። እዚህ ማንም አያነበውም፣ ልመታው ነበር።

ሮብ ገበያ ሄደህ ለሃኒ እናት ትነግራለህ አልሁት። ፊቱ አመድ ሆነ። “ወንድሞች አሏት። ይገድሉኛል” አለ። ወጣ። በሩን እንኳ አልዘጋም።

የካቲት 23፣ እሑድ

አማቴ እማማ ጥሩነሽ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ። ይታያል እንደላካቸው ገና ሲገቡ ገባኝ። ጉልበቴን ያዙ።

“አንዱን ቀብሬያለሁ፣ ልጄ። ሌላውን አታስቀብሪኝ።”

“እማማ፣ የቀበሩትን ልጅዎን ሰው ሰካራም ሲለው ይኸው ሁለት ዓመት።”

“የሞተ አይሰማ።”

“እኔ እሰማለሁ! ገበያ ስሄድ እሰማለሁ፣ ትምህርት ቤት እሰማለሁ። እርስዎስ አይሰሙም?”

ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ ያስተካክላሉ...

“ያውቁ ነበር?”

“ዓርባው ሲወጣ ነገረኝ” አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ።

ምን እንዳልሁ አላስታውስም። ጮህሁ። እናት ናቸው፣ በሁለት ልጆቻቸው መሀል ተይዘው... ይገባኛል። ይገባኛል ግን አልችልም! እኔን ልጄ እያሉ፣ ፋሲካ በመጣ ቁጥር ቤቴ እየበሉ፣ በባሌ ላይ ስማረር እያዩ ዝም? አንድ ቃል እንኳ?

ሲሄዱ አልሸኘኋቸውም። ይህን አድርጌ አላውቅም።

መጋቢት 1፣ ሰኞ

ተዘግቶ የሰነበተው የሮብ ገበያ መንገድ ዛሬ ተከፍቷል አሉ። ከርዕሰ መምህሩ የሮብን ፈቃድ ጠየቅሁ።

መጋቢት 3፣ ሮብ

ሮብ ገበያ ደርሼ መጣሁ።

ሌሊቱን ሙሉ የምናገረውን ስለማመድ ነበር ያደርሁት። ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ድንቻቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሳያቸው የተለማመድሁት ሁሉ ጠፋ። ቆምሁ። አዩኝ። ይህን ጊዜ ፊታቸውን አላዞሩም።

“ቁጭ በይ” አሉኝ። ባዶ ጆንያ ላይ ተቀመጥሁ።

ነገርኋቸው። ሻንሲው ቀድሞ ተሰብሮ እንደነበር፣ ለጥፎ የደበቀው ሰው እንዳለ፣ አበረ እንደማያውቅ። አልጠጣም ነበር፣ አልፈጠነም ነበር፣ እምልልዎታለሁ...

“አትማይ” አሉ። “እንዳልጠጣ አውቃለሁ። የዚያን ቀን ምሳ የበላው እኔ ቤት ነው። ጠላ ብሰጠው መንገድ አለብኝ ብሎ መለሰልኝ።”

ያውቃሉ! ታዲያ... “ታዲያ ገበያ ውስጥ ለምን ፊትዎን አዞሩብኝ?”

ያኔ ነው የተቆጡት። ድንች የሚገዛ ሰው ቆሞ እያየ ተቆጡኝ።

“አልመጣሽማ! ልጄን አፈር ሳለብስ አልመጣሽም። ዓርባዋ ሲወጣ አልመጣሽም። ሙት ዓመቷ ሲደርስ፣ ዛሬስ ትመጣለች ብዬ በር በሩን ሳይ ዋልሁ። እኔ በባልሽ ቂም ያዝሁ? ማን ነው እንዲያ ያለሽ? ከአበረ ጋር ሂጂ፣ እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳ ብዬ ያሳፈርኋት እኔ ነኝ! እኔ! ይህን ለማን ልናገር? አንቺ ነበርሽ አብረሽኝ የምታለቅሽ። አንቺ ግን ቤትሽን ዘጋሽ።”

ስቆጣ የከረምሁ እኔ ነኝ፣ እኔንም የሚቆጣኝ ሰው እንደነበር አልታየኝም።

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አነሱኝ። አለቀስን፣ ገበያው መሀል፣ ሰው እየዞረን።

በኋላ ዓይናቸውን ጠርገው “የለጠፈው ማነው?” አሉ። ድምፃቸው ሌላ ሆነ።

“እኔ ልንገርዎት ወይስ እሱ ራሱ መጥቶ ይንገርዎት?”

ብዙ አሰቡ። “ራሱ ይምጣ። በሽማግሌ ይምጣ። ወንድሞቼን እኔ እይዛቸዋለሁ። ግን ይምጣ። ካልመጣ አንቺ ትነግሪኛለሽ፣ ያኔ የምይዘው ሰው የለም።”

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ለይታያል የወለተ ሚካኤልን ቃል እንዳለ ነገርሁት። በስልክ። “እስከ ቀጣዩ እሑድ” አልሁና ዘጋሁት።

መጋቢት 14፣ እሑድ

መጣ። አልጠበቅሁም ነበር።

የነፍስ አባታቸው አባ ዘመንፈስቅዱስ መስቀል ይዘው ከፊት፣ ሁለት ሽማግሌዎች ከኋላ፣ ይታያል መሀል ድንጋይ ተሸክሞ። ወለተ ሚካኤል ግቢ ገቡ። ሦስቱ ወንድሞቿ ጥግ ላይ ቆመዋል፣ ነጠላቸውን አገልድመው። እኔ ከሷ አጠገብ ተቀመጥሁ።

ጉልበቱ ላይ ወደቀ። “እንግዲህ... ስሕተት ተፈጥሮ...” ብሎ ጀመረ።

ስሕተት ተፈጥሮ! ሴት በሽማግሌ መሀል አትናገርም፣ አውቃለሁ። ተነሳሁ።

“ተፈጥሮ አትበል። ማን ፈጠረው?”

አንዱ ሽማግሌ “ተይ እንጂ” ሲሉኝ አባ ዘመንፈስቅዱስ በእጃቸው ከለከሏቸው። “ትክክል ብላለች። በራስህ ስም ተናገር” አሉት።

ተናገረ። ሰበርሁት አለ። አስለጠፍሁት፣ ቀለም ያስቀባሁት እኔ ነኝ፣ ለወንድሜ ደበቅሁት። ቀብሩ ላይ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ድንጋዩ ትከሻው ላይ ይንቀጠቀጣል። ታናሽ ወንድሟ ጌቱ ካለበት ተነስቶ ሁለት እርምጃ መጣ...

“ተቀመጥ” አለች ወለተ ሚካኤል። አልጮኸችም። ተቀመጠ።

ከዚያ ለይታያል፦ “ሰምቻለሁ። ደም አልፈልግም። ይቅርታውን ግን ዛሬ አልሰጥህም። የለኝም። ሲኖረኝ እልክብሃለሁ።”

ሽማግሌዎቹ ሊለምኗት አፋቸውን ከፈቱ። አየቻቸው። ዘጉት። ማርቆስ ሄዶ በዕድሩ ፊትም ይኸንኑ ይናገር ብላ ተነሳች። ሽማግሌዎቹ ይህን ሊያስፈጽሙ ማሉ።

መጋቢት 21፣ እሑድ

ዕድሩ ፊት ተናገረ። አጭር ነበር። ወሬውን ያወሩት ሁሉ ጫማቸውን ያዩ ነበር። ሲወጡ አንዱ እጄን ይዞ “እግዚአብሔር ያጽናሽ” አለኝ። ሁለት ዓመት የት ነበርህ? አልሁት። በአፌ ነው ያልሁት፣ በልቤ አይደለም። ድሮ ብሆን እውጠው ነበር።

እማማ ጥሩነሽ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ሰላም አልተባባልንም። ገና ነው።

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

የደብረ ኤልያሱ ሰውዬ ሞተሩንና ጋቢናውን ወሰደ። የካሶኒውን ላሜራ ምድጃ የሚሠራ ሰው ወሰደው።

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

ወለተ ሚካኤል መጣች። ለዓይኗ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራት፣ ዝናብ ሲይዛት እኔ ቤት ዋለች። “እርስዎ” ስላት ተቆጣች፣ “ስንት ዓመት ብበልጥሽ ነው?” ብላ። አንቺ በይኝ አለች። አፌ እምቢ ይላል፣ እየሞከርሁ ነው።

ለይታያል ይቅርታውን ልካለት እንደሆነ ጠየቅኋት። “ገና የለኝም” አለች። “አንቺስ?” የለኝም አልሁ። ዛሬም ስሙን ሲጠሩት ጥርሴን እነክሳለሁ። አላፈርሁበትም።

ምሳ በላን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቆይቶ ቀነስ አለ። ከዚያ ድንገት፦

“አበረ እንዴት ያለ ሰው ነበር? ቤት ውስጥ ማለቴ ነው።”

ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። እንዴት ሞተ ይላሉ እንጂ... ቀስ በቀስ መጣልኝ። ልጅ ሆኖ ቅኔ ቤት እንደነበር፣ ከዚያ አምልጦ ሹፌር እንደሆነ። የተማሪዎቼን ፈተና ስዘናጋ ሰርቆ እያረመ ለሁሉም መቶ ይሰጥ እንደነበር። መኪና ወደ ኋላ ሲነዳ ምላሱን ያወጣ እንደነበር። ሽሮ እሠራለሁ ብሎ ድስቱን አሳርሮ፣ ድስቱን ቀብሮት፣ ውሻው ቆፍሮ እንዳወጣበት! ስነግራት ሳቅሁ። እሷም በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች፣ እስክታነባ።

ከዚያ ተራዋ ሆነ። ሃኒ ስታኮርፍ ዶሮዎቹን ታዋራ ነበር አለች። ለዶሮዎቹ እናቷን ትከስ ነበር።

እንደገና ወደኔ። ሁለት ዓመት ስሙን የጠራሁት ለመውቀስ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ዝናቡ አባርቶ እንኳ ዝም አላልሁም። ደከመኝ ብዬ ቆም ስል እሷ አትለቀኝም።

“ሌላስ?” ትለኛለች።